ግራፉ ያምራል፤ እግሩስ?

ባሕር ዳር አድጎ ስለ ወንዛዬ ያልሰማ ሰው አላውቅም። ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ በደራ ወረዳ፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚፈልቅ ፍል ውሃ ነው። ወገቡን የያዘው፣ ጉልበቱን የሚቆረጥመው፣ አጥንቱ ውስጥ ብርድ የገባ የመሰለው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ይሄዳል። እኔም አያቴን ይዤ ሄጄ ነበር።

ከአጠገባችን አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ባጃጅ ተገልብጦበት ቅልጥሙ የተሰበረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ነበር። ድኗል ተብሎ ቤቱ ገባ። ግን ከጉልበቱ በታች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ቀረች። ትዘጋለች፣ ትከፈታለች፣ መግል ታወጣለች። አያቴ ደግሞ ዝም አትልም፤ "የኔ ልጅ እኮ የሚያጠናው አጥንት ነው" ብላ አወራች። እናትየው ወደ እኔ ዞር አሉና፣

"ልጄ፣ ያ የምትሠራው ነገር ለዚህ እግር ይደርሳል?" አሉኝ።

ኪሴ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ አንድ ግራፍ ነበር። ከወር በፊት ለመምህራንና ለተማሪዎች አቅርቤው ያስጨበጨበልኝ ግራፍ ነው። አውጥቼ ላሳያቸው አልደፈርኩም። "ገና ነው፣ እናቴ። ግን ፍል ውሃ መግሉን አያደርቀውም፤ ሆስፒታል ይመለስ" ብቻ አልኳቸው።

ይህ ጽሑፍ "ገና ነው" ያልኩት ለምን እንደሆነ ያብራራል። በዚያው የራሴን የምርምር ዘርፍ ይተቻል፤ ትችቱ ደግሞ ከራሴ ሥራ ይጀምራል። ዘርፉ "መድኃኒት የተሸከመ የሴራሚክ ስካፎልድ" ይባላል። ስሙ ይከብዳል፣ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው።

ጉድጓዱ በምን ይሞላ?

አጥንት ድንጋይ አይደለም። ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማው ማዕድን ነው፤ በዋናነት ሃይድሮክሲአፓታይት ከሚባለው የካልሲየምና የፎስፌት ውሁድ ጋር የሚቀራረብ ነው። የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲንና ውሃ ነው። ማዕድኑ ያጠነክረዋል፣ ኮላጅኑ ደግሞ እንደ ብርጭቆ እንዳይሰባበር ያደርገዋል። በዚያ ላይ አጥንት ሕይወት አለው። አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሴሎች ዕድሜ ልካችንን እየተፈራረቁ ይሠሩበታል። የተሰበረ አጥንት ራሱን የሚጠግነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚመጣው አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ሲወጣ ነው። አፈርና ባክቴሪያ ይገባል፤ አጥንት ላይ ከሚሰፍሩት ዋነኛው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ነው። ደም የተቋረጠበት የአጥንት ስባሪ ይሞታል። ባክቴሪያዎቹም የሞተው አጥንት ላይ ተጣብቀው ባዮፊልም የሚባል የሚያዳልጥ ሽፋን ይሠራሉ። ወንዝ ውስጥ የቆየ ድንጋይ ላይ እጃችሁን ብታሳርፉ የሚያዳልጣችሁ ነገር የዚሁ ዘመድ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በኪኒን ወይም በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው። ደም የማይደርስበት የሞተ አጥንት ውስጥ በምን ይድረስ? የዚያ ልጅ እግር ለሁለት ዓመት መግል የሚያወጣው በዚህ ምክንያት መሆኑ አይቀርም።

ቀዶ ሐኪሙ የሞተውን አጥንት ፍቆ ያወጣል። ታዲያ ጉድጓድ ይቀራል። ባዶ ጉድጓድ ደም ይሞላበታል፣ ለተረፉት ባክቴሪያዎችም መልሶ ማረፊያ ይሆናል። የኛ ሰፈር ጥያቄ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ጉድጓዱ በምን ይሞላ?

መልሱ የተወሰደው ከግንባታ ቦታ ነው። ፎቅ ሲሠራ በአጣና የሚታሰረውን መወጣጫ አይታችኋል። ግንበኛው እላዩ ላይ ቆሞ ይገነባል፤ ግድግዳው ሲያልቅ መወጣጫው ይፈርሳል። ስካፎልድ ማለት ይኸው ነው። ከአጥንት ማዕድን ጋር የሚመሳሰል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሴራሚክ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጣል። የአጥንት ሴሎችና የደም ሥሮች በቀዳዳዎቹ ገብተው ይገነባሉ፤ ሴራሚኩ ቀስ በቀስ ይሟሟል። በዚያ ላይ አንቲባዮቲክ ብናሸክመው መወጣጫውም ዘበኛውም አንድ ይሆናሉ።

ሐሳቡ እውነትም ውብ ነው። ጀንታማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ውሰዱ። በደም ውስጥ መጠኑ ሲበዛ ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል፤ ስለዚህ ሐኪሙ እየፈራ ነው የሚሰጠው። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሲቀመጥ ግን በቦታው በደም ሥር ሊሰጥ ከሚችለው በብዙ እጥፍ የበለጠ መጠን ይገኛል፣ ደም ውስጥ የሚገባው ግን ትንሽ ነው። በዚህ ሐሳብ ላይ ትችት የለኝም። ትችቴ ሐሳቡን በምንፈትንበት መንገድ ላይ ነው።

ጥቁር አዝሙዱ ከላይ ተነስንሶ

ሥራዬን ልንገራችሁ። ከሥጋ ቤት የበሬ አጥንት አመጣሁ። ቀቅዬ ስቡንና መቅኔውን አወጣሁ፣ ከዚያ በ900 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ አቃጠልኩት። ሽታው ለሁለት ቀን ከልብሴ አልወጣም። ኮላጅኑ ተቃጥሎ ሲያልቅ እንደ ኖራ የነጣ ሃይድሮክሲአፓታይት ይቀራል። ፈጭቼ፣ ቀዳዳ የሚፈጥር ነገር ቀላቅዬ፣ ቅርጽ ሰጥቼ እንደገና ከ1100 ዲግሪ በላይ ተኮስኩት። ዱቄቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሴራሚክ የሚሆነው በዚህ ሙቀት ነው። ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ጀበና ሲተኩሱ የሚያደርጉት የዚሁ ወንድም ነው።

መድኃኒቱ መቼ ይግባ? ከመተኮሱ በፊት ብጨምረው ይቃጠላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። የተተኮሰውን ሴራሚክ መድኃኒት ያለበት ውሃ ውስጥ ነከርኩ፣ አደረቅኩ፣ "መድኃኒት ተሸክሟል" አልኩ።

ድፎ ዳቦ ላይ ጥቁር አዝሙድ የሚጨመርበትን መንገድ አስቡ። ከሊጡ ጋር የተለወሰ አዝሙድ እስከ መጨረሻው ቁራሽ ድረስ አብሮ ይቆያል። ዳቦው ከተጋገረ በኋላ ከላይ የተነሰነሰ ግን ገና ስታነሡት ጠረጴዛው ላይ ይራገፋል። የኔ መድኃኒትም እንደዚያ ነበር። ጀንታማይሲን ውሃ ይወዳል፣ ሴራሚኩን የያዘውም በደካማ ኃይል ነው። ውሃ ሲያገኝ አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ወጣ። በዘርፋችን ይህ የመጀመሪያ ቀን ጎርፍ እጅግ የታወቀ ነው።

ጎርፉን ለመግታት ሰው ብዙ ደክሟል። እ.ኤ.አ. በ2001 በማድሪድ የማሪያ ቫሌት-ሬጊ ቡድን ኢቡፕሮፌንን በሲሊካ ደቃቅ ቀዳዳዎች ውስጥ አስገብቶ ቀስ ብሎ እንደሚወጣ አሳየ። ቀዳዳዎቹ በናኖ ሜትር የሚለኩ ስለሆኑ መድኃኒቱ ከጠባብ በር እንደሚወጣ ሕዝብ እየተጋፋ ነው የሚወጣው። ሌሎች ሴራሚኩን በሚሟሟ ፖሊመር ይሸፍኑታል። ሌሎች ደግሞ ጭራሽ ሳይተኮስ፣ እንደ ጂፕሰም ከውሃ ጋር ተለውሶ የሚደርቅ ሴራሚክ ይመርጣሉ፤ በዚህኛው መድኃኒቱን ከሊጡ ጋር መለወስ ይቻላል። በሥራ ደረጃ እነዚህ ሁሉ ጠቃሚ ናቸው። ችግሩ ሁሉም የሚያልቁት በአንድ ዓይነት ሥዕል ላይ መሆኑ ነው።

ግራፉ የማይናገረው

ሥዕሉን ላሳያችሁ። አግድሙ መስመር ቀናትን ይቆጥራል። ቋሚው "የተለቀቀ መድኃኒት፣ በመቶኛ" ይላል። አንድ ቀይ መስመር ቶሎ ይወጣል፣ አንድ ሰማያዊ መስመር ቀስ ብሎ ይወጣል። ሰማያዊው "የኛ" ነው፤ ሁሌም ሰማያዊው ያሸንፋል። እኔም እንደዚሁ ነው ያቀረብኩት።

በመጀመሪያ፣ መቶኛ የምንድን ነው? 80 በመቶ ወጣ ማለት ከ10 ሚሊ ግራም ነው ወይስ ከግማሽ ሚሊ ግራም? ባክቴሪያ መቶኛ አያውቅም። የሚገድለው በዙሪያው ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለው መጠን ነው። ብዙ ጽሑፎች ይህን ቁጥር ከግራፉ ላይ ሳይሆን ከሌላ ሰንጠረዥ ፈልጋችሁ እንድታሰሉት ያደርጓችኋል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አታገኙትም።

ሌላው ፈሳሹ ነው። ፈተናው የሚደረገው በ37 ዲግሪ በሚወዛወዝ የጨው ውሃ ውስጥ ነው፤ ትንሽ ቁራጭ ሴራሚክ፣ ብዙ ውሃ። የተቦረቦረ አጥንት ውስጥ ግን የሚወዛወዝ የጨው ውሃ የለም። የረጋ ደም አለ፣ ፕሮቲን አለ፣ እብጠት አለ፣ ቁስሉም የራሱን ፈሳሽ ያወጣል። መድኃኒቱ እዚያ ምን ያህል እንደሚቆይ የጨው ውሃው ሊነግረን አይችልም። ይህ የኔ ብቻ ቅሬታ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ጃፓናዊው ታዳሺ ኮኩቦና ባልደረቦቹ የደምን ማዕድናት የሚመስል ፈሳሽ አስተዋወቁ። አንድ ሴራሚክ ከአጥንት ጋር ይያያዝ እንደሆነ በዚያ ይፈተን ጀመር፤ ዓለም ሁሉ ተቀበለው። በ2009 ማርክ ቦነርና ዣክ ለሜትር "ይህ ፈተና እውነት ይሠራል ወይ?" ብለው ጠየቁ። ቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት የሚባለው ሴራሚክ ሰውነት ውስጥ ከአጥንት ጋር በደንብ ይያያዛል፣ በፈሳሹ ፈተና ግን ሁልጊዜ አያልፍም። ፈሳሹ ፕሮቲንም ሴልም የለውም። ያን ያህል የተወደደ ፈተና እንኳ አካልን አይተካም ማለት ነው።

እኔን በጣም ያስደነገጠኝ ግን የመለኪያው ነገር ነው። ጀንታማይሲን ብርሃንን በሚገባ አይመጥም፤ ስለዚህ በስፔክትሮፎቶሜትር ለማየት መጀመሪያ ማቅለም ያስፈልጋል። እኔ ኒንሃይድሪን ተጠቀምኩ፤ ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣል። ቀለሙ ሲደምቅ "መድኃኒቱ አለ" አልኩ። ታዲያ አንድ ቀን አንዲት የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ "መኖሩንስ አየህ፣ ይገድላል ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀለሙ የሚነግረኝ ሞለኪውሉ እንዳለ ነው፤ በማድረቅና በማሞቅ አልፎ አሁንም ባክቴሪያ የመግደል አቅም እንዳለው አይነግረኝም። ለዚያ ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ሳህኑን ሳልነካ ነው ያስጨበጨብኩት።

ሳህኑ ራሱ ቢኖር አይበቃም። ብዙ ጊዜ የሚፈተነው ነጻ ሆኖ የሚዋኝ፣ ከላቦራቶሪ የመጣ፣ መድኃኒት ያልለመደ ባክቴሪያ ነው። ባዮፊልም ውስጥ የተደበቀውን ለመግደል የሚያስፈልገው መጠን እስከ ሺህ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በሀገራችን ሆስፒታሎች ቁስል ላይ የሚገኙ ባክቴሪያዎች ደግሞ የተለመዱትን መድኃኒቶች እየተቋቋሙ መሆኑን ከሀገር ውስጥ የሚወጡ ጥናቶች ደጋግመው ይናገራሉ። ለጀንታማይሲን የማይበገር ባክቴሪያ ላለበት እግር ጀንታማይሲን የተሸከመ ስካፎልድ ምን ይጠቅመዋል? በዚህ ዓይን ደግሞ የሰማያዊው መስመር ጭራ ራሱ ያሰጋል። "ለሠላሳ ቀን ይለቃል" ብለን የምንኮራበት የመጨረሻው ጠብታ ለመግደል የማይበቃ ከሆነ፣ ባክቴሪያውን እያለማመድነው ነው። ቀስ ብሎ መልቀቅ ሁልጊዜ በጎ አይደለም። በበቂ መጠን ለቅቆ፣ ከዚያ ቁርጥ አድርጎ ማቆም ይሻላል።

ከሳህን ቀጥሎ እንስሳ ይመጣል። ጤነኛ ወጣት አይጥ ወይም ጥንቸል ላይ በንጹሕ መሰርሰሪያ ጥቂት ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ይከፈታል፤ ስካፎልዱ ይገባል፤ ከሳምንታት በኋላ አጥንት በቅሎ ይታያል። ደስ ይላል። ግን ያ ጉድጓድ አፈር አልገባበትም፣ መግል አልያዘም፣ ባለቤቱም ለሁለት ዓመት አልታመመም። በባክቴሪያ የተበከለ አጥንት ላይ የሚሞክሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሥራው ከባድ፣ ውድና አስከፊ ነው። እኔ ትችት የምለው ከባዱን ፈተና ያልሠራ ሰው ላይ አይደለም። ቀላሉን ፈተና ሠርቶ መደምደሚያው ላይ "ለአጥንት ኢንፌክሽን ተስፋ ሰጪ ሕክምና" ብሎ በሚጽፍ ሰው ላይ ነው። ያን ዓረፍተ ነገር እኔም ጽፌዋለሁ።

ጀበናና እንጀራ

ሌላው ግራፉ የማያሳየው ጥንካሬ ነው። ጀበናን ከላይ ብትጫኑት ይችላል፤ አንገቱን ይዛችሁ ብታጥፉት ግን ቀጭ ይላል። ሴራሚክ ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ ጫና ይችላል፣ መታጠፍና ድንገተኛ ምት አይወድም። ቅልጥም ደግሞ ስንራመድ ይጫናል ብቻ ሳይሆን ይታጠፋል።

በዚያ ላይ ቀዳዳ እንፈልጋለን። ሴሎች እንዲገቡ ቀዳዳው ከ100 ማይክሮሜትር፣ የደም ሥር እንዲያልፍ ደግሞ ከ300 በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ 100 ማይክሮሜትር የአንድ ፀጉር ውፍረት ገደማ ነው። ቀዳዳ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ እርስ በርስ መገናኘት አለበት። እንጀራ ላይ ስንት ዓይን አለ! ግን ገልብጣችሁ ብታዩት ጀርባው ድፍን ነው። ዓይኑ ያማረ ሁሉ መተላለፊያ የለውም። ስካፎልድም በማይክሮስኮፕ ፎቶ እንደ ጥሩ እንጀራ አምሮ ውስጡ ዝግ ሊሆን ይችላል።

ቀዳዳው በበዛ ቁጥር ደግሞ ጥንካሬው በፍጥነት ይወድቃል። የአጥንታችን ጠንካራ ቅርፊት ከ100 እስከ 200 ሜጋፓስካል ጫና ይችላል። የውስጡ ስፖንጅ መሰል ክፍል ከ2 እስከ 12 ገደማ ነው። አብዛኛው አካሉ ባዶ የሆነ የሃይድሮክሲአፓታይት ስካፎልድ ብዙ ጊዜ የሚወዳደረው ከስፖንጁ ጋር ነው። ስለዚህ ክፍተት ይሞላል እንጂ ሰው አያቆምም። እግሩን የሚያቆመው ውጭ የሚታሰር ወይም ውስጥ የሚገባ ብረት ነው። አንድ ጽሑፍ "የመሸከም አቅም አለው" ሲላችሁ፣ ምን ያህል እንደሚሸከምና ማንን እንደሚሸከም ጠይቁ።

እስከ ታማሚው የደረሱት

እንዲህ ስል ግን ምንም አልተሠራም ማለቴ አይደለም። ሐሳቡ ከምንገምተው በላይ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ጀርመን ቦን ውስጥ ድሬስማን የተባለ ሐኪም በአጥንት ቲቢ የተቦረቦረ ጉድጓድ በጂፕሰም ሞላ፤ ጂፕሰሙን የለወሰው ፌኖል በተባለው ጀርም ገዳይ ውህድ ነበር። መድኃኒት የተሸከመ ሴራሚክ ማለት ይኸው አይደል? በ1970 ሌሎች ጀርመናውያን፣ ቡክሆልዝና ኤንግልብሬክት፣ ጀንታማይሲንን ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከሚለጠፍበት የፕላስቲክ ሲሚንቶ ጋር ቀላቀሉ። ያ ሲሚንቶ ግን አይሟሟም፤ አብዛኛውም መድኃኒት ውስጡ ታስሮ ይቀራል። ከዚሁ ቁስ የሚሠሩ ዶቃዎች ጉድጓድ ውስጥ ከገቡ በኋላ ብዙ ጊዜ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መውጣት አለባቸው።

ዛሬ በገበያ ላይ ካሉት አንዱ ሴራመንት ጂ ነው። የስዊድን ኩባንያ ይሠራዋል። 60 በመቶው ካልሲየም ሰልፌት ማለትም የጂፕሰም ቤተሰብ ነው፣ 40 በመቶው ሃይድሮክሲአፓታይት፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 17.5 ሚሊ ግራም ጀንታማይሲን ይዟል። በመርፌ ተወግቶ ጉድጓዱ ውስጥ ይደርቃል። በአውሮፓ ከ2013 ጀምሮ፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2022 ፈቃድ አግኝቷል።

በ2016 የኦክስፎርድ ቀዶ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የአጥንት ኢንፌክሽን ያለባቸውን 100 ታማሚዎች በዚህ ቁስ አክመው ውጤቱን አወጡ። በአማካይ ከ19.5 ወር ክትትል በኋላ 96ቱ ከኢንፌክሽን ነጻ ነበሩ። እኔ ይህን ጽሑፍ ስመለከት መጀመሪያ ያየሁት የሌለውን ነገር ነው። "በመቶኛ የተለቀቀ" ግራፍ የውጤቱ ማዕከል አይደለም። የተቆጠረው ሰው ነው፤ ዳነ ወይስ አልዳነ።

ግን እዚህም ላይ እንጠይቅ። ያለ ሴራሚኩ የታከመ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። ታማሚዎቹ የሞተ አጥንታቸው በጥንቃቄ ተፍቆ ወጥቷል፣ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ወስደዋል፣ ሥጋና ቆዳ ያጣው ቁስል በፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ተሸፍኗል። ከ96ቱ ስንቱ የዳነው በሴራሚኩ፣ ስንቱ ደግሞ በጎበዝ እጅ ነው? ጥናቱ ብቻውን ይህን ሊለይ አይችልም። ጂፕሰሙ ሲሟሟ ከቁስሉ ፈሳሽ የሚወጣበት ጊዜ መኖሩም የታወቀ ነው። እንዲያም ሆኖ ለኔ ይህ ከመቶ ሰማያዊ መስመር ይበልጣል፤ ቢያንስ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው።

የተሳሳተ ጥያቄ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ይኸኛው አንቲባዮቲክ አይደለም፣ ተሸካሚውም ሴራሚክ ሳይሆን የኮላጅን ስፖንጅ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለኛም ነው። ኢንፊውዝ የተባለው ምርት አጥንት የሚያበቅል ፕሮቲን ተሸክሞ በ2002 በአሜሪካ ለአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ተፈቀደ። አጥንት ያበቅላል ወይ? አዎ፣ ያበቅላል። በኢንዱስትሪ ድጋፍ የተሠሩ 13 ጥናቶች በ780 ታማሚዎች ላይ ከፕሮቲኑ ጋር የተያያዘ አንድም ጉዳት አልዘገቡም። በ2011 ዩጂን ካራጊና ባልደረቦቹ መረጃውን እንደገና ፈተሹት። ጉዳቱ መጀመሪያ ከተገመተው ከ10 እስከ 50 እጥፍ እንደሚበልጥ ጻፉ፤ እብጠት፣ ባልተፈለገበት ቦታ የበቀለ አጥንት፣ የነርቭ ችግር። ሰውነት በራሱ ከሚያመርተው እጅግ የበዛ መጠን በአንድ ቦታ ተቀምጦ ነበር። የሚጠቅመው ሲቆጠር የሚጎዳው ካልተቆጠረ ግማሽ ሳይንስ ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በጎሐ ጽዮን በኩል አባይ በረሃን የወረደ ሰው የጂፕሰም ንብርብር ባለበት አገር እያለፈ ነው፤ ጂኦሎጂስቶች ንብርብሩን በከተማዋ ስም ይጠሩታል። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ አጥንቱ ሥጋ ቤት ደጃፍ ይጣላል። ከጣና የሚወጣው ዓሣም አጥንት አለው። ስለዚህ የኛ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም፤ "ጥሬ ዕቃው በሀገር ውስጥ በርካሽ ይገኛል።"

እውነት ነው፤ ግን ርካሹ ነገር ድሮም ችግር አልነበረም። ሃይድሮክሲአፓታይት በዓለም ገበያ ብርቅ አይደለም። ውድ የሚያደርገው ሌላው ነው፤ እያንዳንዱ ምድጃ የሚወጣው እኩል መሆኑን ማረጋገጥ፣ መድኃኒቱን ሳይጎዱ ከጀርም ማጽዳት፣ በሙቀት ሳይበላሽ ማቆየት፣ በሰው ላይ መሞከር፣ ፈቃድ ማግኘት። በእንፋሎት ብናጸዳው መድኃኒቱ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ በኔ ሥራ ውስጥ አንድ መስመር አልነበረውም። ያልጸዳ ስካፎልድ ማስገባት ደግሞ ኢንፌክሽንን በኢንፌክሽን ማከም ነው።

በተቃራኒው የሚያስቀናኝ አንድ ምሳሌ አለ። ሳይን የሚባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት በ1999 ተመሠረተ። የተሰበረ ቅልጥምና ጭን ውስጥ የሚገባ ብረት ይሠራል። ልዩነቱ ያለው አነሳሱ ላይ ነው። ድርጅቱ የጀመረው ከብረቱ አልነበረም፤ በቀዶ ሕክምና ሰዓት የሚያሳይ የኤክስሬይ ማሽን ከሌለው ክፍል ነው። ብረቱ ያለ ማሽኑ እንዲገባ ተደርጎ ተቀረጸ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ተጠቃሚ ሆኗል። እዚያ ቁሱ ቀላል ብረት ነው፤ ሊቅ የሆነው ጥያቄው ነው።

እኛ የምሕንድስና ልጆች የምንጀምረው ከምድጃችን ነው። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም አሉ፤ በሁለቱም አጥንቱ የተሰበረ ሰው በየቀኑ ይገባል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አጥንት ሳቃጥል ስብራት የሚያክም አንድ ሐኪም እንኳ "ምን ቸገረህ?" ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። ምናልባት የሚቸግረው ስካፎልድ አይደለም። ምናልባት ቁስሉ በሰዓቱ አለመታጠቡ ነው። ምናልባት ታማሚው መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ፣ ጠብቆ ታስሮ፣ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ምናልባት የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ የሚነግር ምርመራ መጥፋቱ ነው። ይህን ሳላውቅ የሠራሁት መፍትሔ የማን መፍትሔ ነው?

እንግዲህ

ከወንዛዬ ከተመለስኩ በኋላ ያን ግራፍ አልደለትኩትም። ቋሚውን መስመር ግን ቀየርኩት፤ መቶኛውን ትቼ በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ማይክሮ ግራም እንዳለ ጻፍኩ። ባክቴሪያን ለመግታት የሚያስፈልገውንም መጠን በአግድም መስመር አሰመርኩ። ውጤቱ አያምርም። ሰማያዊው መስመሬ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከዚያ መስመር በታች ይወርዳል። ያቺን የማይክሮባዮሎጂ ተማሪም ፈልጌ አገኘኋት፤ አሁን ሳህኑን አብረን እንዘራለን።

ይህን የምታነቡ ወጣቶች ነገ ከነገ ወዲያ እንዲህ ያለ ግራፍ ይገጥማችኋል፤ ስለ ካንሰር፣ ስለ ወባ፣ ስለ ባትሪ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ ከማጨብጨባችሁ በፊት ቋሚው ምን እንደሚቆጥር እዩ። የሚቆጠረው ለመለካት የቀለለው ነገር ነው ወይስ ለሰውየው የሚያስፈልገው?

ልጁ ሆስፒታል ይመለስ አይመለስ አላውቅም፤ ስልካቸውን አልተቀበልኩም። እናቱ ግን የጠየቁኝን አልረሳም። "ይደርሳል ወይ?" ነበር ያሉት፤ "ስንት በመቶ ይለቃል?" አላሉም።